የዶን አሪስቶቡሎ ክምር

ምንም ነገር የማይጥል ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ሁለት ግን አይኖርም፤ ሁለት ከሆኑ ለሌላው ሰው መቆሚያ አይተርፍማ። ታውቁታላችሁ። ሰባራ ባልዲ ስትወረውሩ ከኋላችሁ መጥቶ የሚያነሳው፣ የተቀደደ ጎማ ሲያይ ዓይኑ የሚበራው፣ ጎረቤት ቤት ሲቀይር ከጫኝና አውራጁ ቀድሞ ደጃፍ ላይ የሚገተረው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሆደ ቡቡ ነው፤ ብቻ ርኅራኄው ለሰውም ለዝገትም እኩል ነው።

የእኛው፣ ክቡር ዶን አሪስቶቡሎ ሲያቾኬ ናቸው። ከጋሜሳ ከተማ በላይ፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ አፍ ቁልቁል ሲያዩት የዕቃ መቃብር የሚመስለው ግቢ የእሳቸው ነው። ያረጀ የዊንች ሽቦ ገመድ አለ፤ የተበጠሰ የከሰል ማመላለሻ ቀበቶ አለ፤ ክዳን የሌለው በርሜል አለ፤ በርሜል የሌለው ክዳንም አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሞክረዋቸው አልገጠሙም፤ ቢሆንም ሁለቱም አልተጣሉም። ሥራቸው ከሰሉን ከጉድጓድ በገመድ የሚስበውን ዊንች መጠገን ነው። ዊንቹ በተጠገነ ቁጥር አንድ የተበላሸ ዕቃ ይወጣል፤ ያ ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቁን ሰው ሁሉ ትቶታል። ለምን አይጥሉትም ሲባሉ መልሳቸው አንዲት ናት፦ «እሱም ቀን አለው።»

ሚስታቸው ኤርሚንዳ ይህችን ቃል ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። በእኛ ኮረብታ ባል ሚስቱን፣ እህት ወንድሟን፣ ሰው ውሻውን ሳይቀር «እርስዎ» ነው የሚለው። ሲወድ «ሱሜርሴ» ብሎ ያቆላምጣል፤ ሲበግንም «ሱሜርሴ» ይላል፤ ልዩነቱን መለየት የሰሚው ፋንታ ነው። ኤርሚንዳ «ሱሜርሴ፣ ይህን በርሜል ከአልጋዬ ሥር ያወጡልኛል?» ስትል መንገደኛ ቢሰማት የፍቅር ቃል ይመስለው ነበር። ዶን አሪስቶቡሎ ግን ያውቁታል፤ ቆባቸውን አድርገው ውልቅ ነው።

ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው የብረት አሩን ነው።

ሸለቆው ውስጥ ያለው የብረት ፋብሪካ ብረት አቅልጦ ሲጨርስ የሚተፋው ጥቁር ድንጋይ መሳይ ነገር አለ። ስሙ ያው የብረት አር ነው፤ ያሳፈረው ዝቃጭ ይበለው። የፋብሪካው መኪና ነጂዎች የሚደፉበት ገደል አጥተው ኮረብታውን ሲዞሩ፣ ክቡርነታቸው መሀል መንገድ ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸውና ወደ ግቢያቸው አስገቧቸው። ከዚያ ወዲያ ገደል የፈለገ ነጂ የለም። ደግሞ ከኃይል ማመንጫው የከሰል አመድ በጆንያ ይጫንላቸው ጀመር። ክምሩ አደገ፤ ከበረቱ ጣሪያ አለፈ። ኤርሚንዳ የጠዋት ፀሐይ የምታገኘው ረፋድ ላይ ሆነ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከክምሩ ሥር የሚወርደው ጥቁር ውኃ በወጥ ቤቷ ደጃፍ ያልፋል፤ እሷም መጥረጊያ ይዛ ዝናቡንም፣ ፋብሪካውንም፣ ያገባችበትንም ቀን ትራገማለች። «ሰው ላምና በግ ያረባል፤ እኔ ግቢ ብረት ነው የሚያራው» ትል ነበር ለጎረቤቶቿ።

አንድ ዓመት ዶን አሪስቶቡሎ የክምሩ ቀን ደረሰ ብለው አወጁ። ገና ከመኪና የወረደውን የብረት አር ከአመድና ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ለውሰው የአሳማ ቤት ሠሩ። ሲያዩት ምሽግ ነው። መንደሩ እየመጣ በእርግጫ ሞከረው፤ እያነከሰ ተመለሰ። ዶን አሪስቶቡሎም ሰው በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እንደ ፈረስ አንገት ቸብ ቸብ እያደረጉ ያስጎበኙ ነበር። ከዚያ የዝናቡ ወራት ገባ፤ ግድግዳው ውኃ ጠጣ፤ ጠጥቶም አበጠ። አበጠ ስላችሁ ለማጋነን አይደለም፤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በሩ ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ አልከፈት አለ፤ አሳማዋ ውስጥ ቀረች። በጣሪያ በኩል በአሮጌው የዊንች ገመድ ተጎትታ ስትወጣ ጩኸቷን ሰምቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ክቡርነታቸው ግን ላባቸውን እየጠረጉ ገመዱን ወደ ሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይሄውላችሁ ገመዱ» አሉ፤ «ቀን አለው አላልኩም?»

ሳቁ ለሌላ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ ተራራው ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አመጣ።

ኤርሚንዳ ሚሳኤል የሚባል አንድ ወንድም አላት። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። ሥራው ደጋፊነት ነው፤ ማለትም ተራራው የቆፋሪዎቹ ራስ ላይ እንዳይወርድ መተላለፊያው ውስጥ ባሕር ዛፍ የሚያቆመው እሱ ነው። ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፤ እነሱ «በር» ይሉታል። አባታቸውም በዚሁ ሥራ ነበር ያረጀው። ሚሳኤል የእንጨት ቋንቋ ያውቃል። ባሕር ዛፍ ተራራ ሲከብደው መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ይንጣጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰበረው። በማቃሰቱና በመሰበሩ መካከል ያለችው ጊዜ የሰው መውጫ ናት፤ ሚሳኤል ዕድሜውን የኖረው በእሷ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ጉሮሮ የሚሉት መታጠፊያ አለ። ተራራው እዚያ ጋ ክፉ ነው። ከላይ ይጫናል፣ ከጎን ይገፋል፣ ወለሉን እንኳ ከሥር ወደ ላይ ያሳብጠዋል። እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ትናንት የቆመው በር ዛሬ ጉልበቱ ይታጠፋል። ከጉሮሮው ወዲያ ደግሞ ሌላ መውጫ የለም። ሚሳኤልና ጓዶቹ በየጠዋቱ የሚገቡት በዚያ ነው፤ የሚመለሱትም በዚያው። ኤርሚንዳ ወንድሟ በደህና መውጣቱን የምታውቀው በሳሉ ነበር። ከመንገዱ ሥር ሲደርስ ይስላል፤ ሳሉን ስትሰማ ትንፋሿን ትለቅና ሾርባውን ታወጣለች። በዚያ ሰሞን ሳሉን ለመስማት ገና ሳይመሽ ደጃፍ ትቆም ጀመር። ጉሮሮው ሊዘጋ ነው የሚለውን ወሬ ሰምታለች፤ በሮቹ በየቀኑ ይሰበራሉ፤ የሚተካው ባሕር ዛፍ ደግሞ ኮረብታው ላይ አልቆ የሚመጣው ሁሉ የመጥረጊያ እንጨት ያክላል።

የማዕድኑ ኃላፊ ኢንጂነር ማሪሉስ ናት። ሹመቷ የወጣ ዕለት ሴት ጉድጓድ ከገባች ተራራው ይቀናል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ተራራው ቀንቶም ከሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ይህች ልጅ ስለ አሳማው ቤት ሰምታ መጣች። ሰው ሁሉ ሊስቅ ነበር የሚመጣው፤ እሷ ግን ካበጠው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላ ቆንጥራ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ዶን አሪስቶቡሎን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ትኩስ የብረት አር ሆዱ ውስጥ ኖራ አለው፤ ኖራው ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ዓመታት ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ግን እብጠቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከአመድ ጋር ሲለወስ ድንጋይ ነው። አሮጌ ይኖርዎት ይሆን ብላ ጠየቀቻቸው።

ዶን አሪስቶቡሎ ከተቀመጡበት ተነሡ። ቀስ ብለው ዞረው ክምሩን አዩት። ኢንጂነሯም አየችው። ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው ኤርሚንዳም፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትራገም አየችው።

«ከሥር ያለው» አሉ ክቡርነታቸው ቆባቸውን አውልቀው፣ «ከሥር ያለው በጣም ቆይቷል።»

ቆፍረው አወጡት። ላዩ ትኩስ ነበር፤ ከሥር ያለው ግን ያ የተረገመ ዝናብ ሁሉ አልፎበት፣ በስሎ፣ እንደ ባቄላ የደረቀ ነበር። ኢንጂነር ማሪሉስ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ አስቀምጦ የሚያበስል ግን አላየሁም አለች። ሰውየውን እንዲህ ማመስገን አይገባም ነበር፤ ሰሞኑን ከእሳቸው ጋር መኖር አልተቻለም። አመዱን ከአሮጌው የብረት አር ጋር ለወሱት፤ የዊንቹን ገመድ ክር በክር ፈተው እየቆራረጡ ጨመሩበት፤ ጥቂት ሲሚንቶ ነሰነሱበት፤ የጭነት መኪና ጎማ አንዱን በአንዱ ላይ እየቆለሉ ሞሉት። ሲደርቅ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ምሰሶ ሆነ። ናሙናውን ሶጋሞሶ ከተማ ወስደው በማሽን ሲያስጨፈልቁት ማሽኑ አቃሰተ ይላሉ ዶን አሪስቶቡሎ። ኢንጂነሯ ማሽኑ ምንም አላለም ትላለች።

ምሰሶዎቹ ጉሮሮው ውስጥ ግራና ቀኝ ቆሙ። በምሰሶው ራስና በጣሪያው መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ቀረ። ያ ክፍተት ካልተሞላ ምሰሶው ጌጥ ነው፤ ተራራውን ካልነካ ምኑን ይሸከማል? መሙላት ደግሞ የደጋፊው ሥራ ነው፤ የሚሳኤል።

ሚሳኤል ገባ፤ አንዱን ምሰሶ በመዶሻው መታው፤ ጆሮውን ለጠፈበት። ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ዲዳ ነው አለ።

ቃሏ በአንድ ቀን ኮረብታውን አዳረሰች። ዲዳው ምሰሶ። ቆፋሪዎቹ ሚሳኤል ያልሞላውን ክፍተት ማንም አይሞላም፣ እኛም አሮጌዎቹ በሮች ሥር እንለፍ አሉ። ኢንጂነሯ ወረቀት ዘርግታ፣ ይህ ምሰሶ ሃያ የእንጨት በር የማይችለውን ይችላል ብላ አስረዳች፤ ሚሳኤልም በአክብሮት እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ የመለሰው በመንደሩ ሁሉ ተደገመ። «ኢንጂነር፣ እንጨት ሳይነግረኝ አይሰበርም» አላት፤ «ይሄ ሳይነግረኝ ይገድለኛል።»

እውነቱን ነው እንዳይባል ምሰሶዎቹ ቆመው፣ ምንም ሳይሸከሙ፣ አጠገባቸው የሚያቃስቱት በሮች አንድ በአንድ እየተሰበሩ ነው። ተሳስቷል እንዳይባልም ሚሳኤል እስከዚያ ቀን በሕይወት የቆየው በጆሮው ነው። ኤርሚንዳ በሁለቱ መሀል ገብታ ተቃጠለች። ባሏ ምግብ ቀነሱ፤ ተዋረድኩ አሉ። ወንድሟና ባሏ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ጨው እንኳ በእሷ በኩል ነበር የሚቀባበሉት። «ለአማቼ ንገሪልኝ» ይላል አንዱ፤ «ለአማቼ ንገሪልኝ» ይላል ሌላው፤ እርስዎ ማለቱም ተረስቶ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ባሏ የጥንካሬ ነገር ጀመሩ፤ ወንድሟም የድምፅ ነገር ጀመረ። ኤርሚንዳ ድንች እያወጣች ነበር። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተወችው።

«ሚሳኤል፣ ሱሜርሴ» አለች፤ «እንጨቱን ከምሰሶው ራስ ላይ ቢያስተኙትስ፣ አይናገርም?»

ሚሳኤል ማንኪያውን አስቀመጠ። ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሌላውን መዳፉን በላዩ አጋደመና ሁለቱን ተጫናቸው። ዶን አሪስቶቡሎ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔም እሱኑ ላነሳው ስል ነው የቀደሙኝ አሉ። ማንም አላመናቸውም፤ ለነገሩ ማንም አልተከራከራቸውም።

ኢንጂነር ማሪሉስ ሐሳቡን ስትሰማ ደግማ አስነገረችው። ለካ ትክክል ነበር። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ቀድሞ ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀ ተራራው በቀስታ ምሰሶው ላይ እንዲቀመጥ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ይጮኻል። ሚሳኤል ኮረብታው ላይ የተረፈውን ምርጥ ባሕር ዛፍ ራሱ መርጦ፣ አጫጭርና ወፋፍራም አድርጎ ቆርጦ፣ በየምሰሶው ራስ ላይ አንድ በአንድ አስተኛና በሽብልቅ አጠበቀው። ምላስ ብሎ ጠራው። ጉሮሮ ነውና ምላስ ማስፈለጉን ያላስተዋለ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቀናት አለፉ። ዝናቡ በረታ። ኤርሚንዳ አንድ ጠዋት አተር እየፈለፈለች ሳለ የጉድጓዱ የአደጋ ፉጨት ጮኸ፤ የማያቆመው ዓይነት። አተሩን ጉልበቷ ላይ እንዳለ በተነችው። ወደ ላይ እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ቀድመዋታል። ከውስጥ የአቧራ ነፋስ ወጣ፤ ትልቅ ነገር ሲተነፍስ እንደሚወጣው ያለ። ባሏ ዊንቹን ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ ለብሷል። ያ ምሰሶ ከፈረሰ ወንድሟን የገደለው የማን ክምር እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ጨለማው ውስጥ መብራት ከመታየቱ በፊት ሳል ተሰማ።

ኤርሚንዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ በአንድ ወጡ፤ ጥቁር፣ ዓይናቸው ብቻ ነጭ፤ መጨረሻ ላይ ሚሳኤል። ወደ እህቱ አልመጣም። ቀጥ ብሎ ወደ ዊንቹ ሄደ።

«አማቼ» አለ፤ «ሁሉም ተናገሩ።»

«ምን አሉ?» አሉ ዶን አሪስቶቡሎ።

«ውጡ አሉ።»

ክቡር ዶን አሪስቶቡሎ ሲያቾኬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ነገሩን ኋላ ላይ ከቆፋሪዎቹ ነው የሰማነው። ምላሶቹ በአንድ ጊዜ ማቃሰት ሲጀምሩ ሚሳኤል ከሰሉ ጋ ነበር፤ ሥራ አስቁሞ ሰው ሰበሰበ። ጉሮሮው ጋ ሲደርሱ አሮጌዎቹ በሮች ሁሉ እንደ ክብሪት ተሰብረዋል፤ ጣሪያው ወዲያና ወዲህ ወርዷል። በምሰሶዎቹ መሀል ግን ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። በዚያ አለፉ።

ድንጋዩ ተጠርጎ ተራራው ከረጋ በኋላ ኤርሚንዳ አሳዩኝ አለች። ኢንጂነሯ የራስ መብራት አጠለቀችላትና ይዛት ወረደች። ጉሮሮው ጋ ስትደርስ ቆመች። ምላሶቹ ተጨፍልቀዋል፤ ክንድ ያህል ውፍረት የነበረው ባሕር ዛፍ እንደ አሬፓ ቂጣ ስስ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ምሰሶ ግን ቆሟል። ጎማው ሆዱን ነፍቷል፤ አመዱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ቀና አለች። ከጣሪያው በላይ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ የእነ ጎረቤቶቿ የድንች ማሳ፣ ላሞቹ፣ መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የራሷ ቤት፣ ያ ሁሉ ተራራ ከነክብደቱ። ያ ሁሉ የተቀመጠው ፋብሪካ በተፋው፣ ከእሳት በተረፈው፣ መንገድ በጨረሰው ነገር ላይ ነው። መዳፏን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዟት አያውቅም፤ ፍርሃትም አይሉት፣ ደስታም አይሉት። ኢንጂነሯ የሆነ ነገር ስትነግራት ነበር፤ አልሰማቻትም።

ከጉሮሮው ወዲያ ሌላም ክፉ ቦታ ስላለ ምሰሶ ማቆሙ ቀጠለ። በስሎ የቆየው የብረት አር ግን አለቀ። ዶን አሪስቶቡሎ እንደ ልማዳቸው መንገድ ላይ ወጥተው መኪና አስቆሙ። ትኩሱ ተገለበጠ፤ ነጂው ጨዋ ልጅ ሆኖ አቧራው ቤቱን እንዳያስቸግር ፕላስቲክ አለበሰውና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫነበት። ኤርሚንዳ ልብስ እያሰጣች ታያለች። ባሏን አየቻቸው፤ ጎብጠዋል፤ ሩዋና ካባቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል።

«ሱሜርሴ» አለች፤ «ይህ እስኪበስል እርስዎም እኔም አንኖር ይሆናል።»

«አንኖርም» አሉ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ያኔ ጉድጓድ ለሚገባው» አሉ ቀና ሳይሉ፤ ጨው አንሷል እንደሚል ሰው። መፍቻቸውን አንስተው ወደ ዊንቹ ወጡ።

ኤርሚንዳ ከኋላቸው እያየች ቆየች። እኚህን ሰውዬ ስንት ጊዜ ወደ እናቴ ቤት ልመለስ ነው ብላቸዋለች። እንዴት እንደምትወዳቸው እዚያው ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ገባት።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከላይ ከተራራው ወረደ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲሰማ ኤርሚንዳ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። የተሰጣውን ልብስ አልፋ ሄደች፤ ክምሩ ጋ ደርሳ ድንጋዮቹን በእግሯ እየገፈተረች ፕላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ገፈፈችው። ዝናቡ ጥቁሩ ላይ ወረደ። እሷም እየበሰበሰች ቆማ አየችው፤ ልብሱም ገመዱ ላይ እንደተሰቀለ ረጠበ።